የኢትዮጵያንና የኬንያን የቋሚ ካፒታል ኢንቨስትመንት ለማነጻጸር፦ የዓለም ባንክ ነጻ የመረጃ ቋት ሲገመገም

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን በሰሜን ሸዋ ካሉ ከተሞች ሁሉ የፋብሪካ ግንባታ ጎልቶ የታየባት ናት። ዕድሜ ጠገቡ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ዛሬ ብቻውን አይደለም፤ የቢራ ፋብሪካዎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና በየአቅጣጫው የተዘረጉ የማምረቻ ሼዶች ከከተማዋ መልክ ጋር ተዋሕደዋል። ይህን እያየ ያደገ ወጣት ኢኮኖሚክስ ሲማር ቶሎ የሚያነሣው ጥያቄ ሀገራችን ከጎረቤቶቿ ጋር ስትተያይ ምን ያህል ገነባች የሚል ነው፤ ለንጽጽርም ብዙውን ጊዜ ኬንያ ትመረጣለች። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎችን ሳማክር በቅድሚያ የምመራቸው ወደ ዓለም ባንክ የመረጃ ቋት ስለሆነ፣ አገልግሎቱን ለዚህ አንድ ተግባር ካለው ብቃት አንጻር መገምገም ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። አገልግሎቱ ቁጥሩን ያለ ስስት ይሰጣል። ከሚሰጣቸው ቁጥሮች የትኛው ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሚሆን የመለየቱን ሸክም ግን ከሞላ ጎደል ለተጠቃሚው ይተወዋል፤ በዚህ ንጽጽር ውስጥ ደግሞ ዋናው ሥራ ያ ነው።

ባንኩ ይህን መረጃ ለማንም ክፍት ያደረገው በሚያዝያ 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) ነው። ክፍያም ሆነ ምዝገባ አይጠይቅም። ሁለት መግቢያዎች አሉት፤ አንደኛው የሀገርና የመለኪያ ስም ጽፎ ወዲያው ግራፍ የሚታይበት ቀለል ያለ ገጽ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዳታባንክ የሚባለው፣ ሀገር፣ መለኪያና ዓመት እየተመረጠ ሰንጠረዥ የሚሠራበት ነው። ሠንጠረዡን ወደ ኤክሴል አውርዶ በፍላሽ መያዝ ስለሚቻል፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚሠራ ሰው ትልቅ ጥቅም አለው። መረጃ ያልተገኘባቸው ዓመታት በዳታባንክ ሰንጠረዥ ውስጥ በሁለት ነጥቦች ይሞላሉ። ኤክሴል እነዚህን ነጥቦች እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥራቸው፣ ስሌት ከመጀመሩ በፊት ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል።

መለኪያው ራሱ ምን እንደሚይዝ ካልታወቀ ንጽጽሩ ከመነሻው ይበላሻል። የቋሚ ካፒታል ኢንቨስትመንት የሚባለው በአንድ ዓመት ውስጥ ለማሽንና ለመሣሪያ ግዢ፣ ለመንገድ፣ ለባቡር ሐዲድ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሆስፒታል፣ ለመኖሪያና ለንግድ ቤት ግንባታ፣ እንዲሁም እንደ አጥርና የውኃ መፋሰሻ ቦይ ላለ የመሬት ማሻሻያ የዋለውን ወጪ ነው። ከጎኑ ስሙ በጣም የሚቀራረብ ሌላ መለኪያ አለ፤ እርሱ በመጋዘን የተከማቸ ዕቃ ለውጥንም ይጨምራል። ለአንዱ ሀገር አንዱን፣ ለሌላው ሌላውን መውሰድ ተደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ስለሆነ፣ የመለኪያውን ስም እስከ መጨረሻው ቃል ማንበብ ግድ ነው። ቋሚው ካፒታል ብቻውን ደግሞ በብዙ መልክ ቀርቧል፦ ከአጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርት አንጻር በመቶኛ፣ በዓመታዊ ዕድገት፣ በወቅቱ ዋጋ በሀገር ገንዘብ፣ በቋሚ ዋጋ (ማለትም የዋጋ ለውጥ ተነጥሎ፣ በአንድ በተመረጠ ዓመት ዋጋ) በሀገር ገንዘብ፣ በወቅቱ ዶላር፣ እንዲሁም በቋሚ ዶላር። ስድስቱም ስለ አንድ ጉዳይ ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን የተለያየ ነገር ነው።

በመቶኛው ስንጀምር ሥዕሉ ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት በሁለቱ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዶች መገናኛ ላይ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2015 አካባቢ፣ ከአጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርት ወደ 40 በመቶ ተጠግቶ ነበር። የኬንያው በዚያው ዐሥርት ዓመት ውስጥ አንድ አምስተኛ ገደማ ላይ ሲመላለስ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያው መስመር ቁልቁል ወርዶ እ.ኤ.አ. በ2023 ከሩብ በታች ሲደርስ፣ በሁለቱ ሀገሮች መካከል የነበረው ሰፊ ርቀት እጅግ ጠብቧል። ከመስመሩ ጀርባ ያለውን ሥራ ለማስታወስ ያህል፣ የዓባይ ግድብ የመሠረት ድንጋይ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ተጥሏል፤ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 አገልግሎት ጀምሯል፤ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጊቤ 3 በዚያው ዓመት ተከትሏል። ኬንያም በዚሁ ዘመን የሞምባሳ–ናይሮቢን ባቡር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 አስመርቃለች፤ 310 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የቱርካና ሐይቅ የነፋስ ኃይል ጣቢያም ተክላለች። ይህን ከፍታና ዝቅታ በአንድ ግራፍ ላይ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥና ያለ ክፍያ ማየት መቻሉ አገልግሎቱ በእውነት ሊመሰገንበት የሚገባ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከመቶኛው ወደ ዶላር ሲታለፍ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሄደውም በቀጥታ ወደ ዶላሩ ነው። አንድ ተማሪ የሁለቱን ሀገሮች የዶላር መስመሮች በአንድ ወረቀት አትሞ፣ «መምህር፣ የኛ እኮ በአንድ ጊዜ ቁልቁል ወረደ፤ ያን ያህል ግንባታ ቆሞ ነው ማለት ነው?» ሲል ጠይቆኛል። «እስቲ መጀመሪያ ምንዛሪው በየትኛው ዓመት እንደተለወጠ አውጣና ከጎኑ ጻፈው» አልኩት። ብር በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለአንድ ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ተለውጧል፤ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በ15 በመቶ ተዳክሟል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ተማሪው ዓመታቱን ከመስመሩ ስብራቶች ጋር ሲያስተያይ የጠየቀውን ራሱ መለሰ።

ነገሩን በቅርብ ለማየት በደብረ ብርሃን የሚሠራን የአንድ ሼድ አጥር እንውሰድ። ድንጋዩ ከአካባቢው ካባ ይወጣል፣ ግንበኛው በብር ይከፈለዋል፣ አሸዋውም በብር ይገዛል። ለአጥሩ አንድ ሚሊዮን ብር ወጣ እንበል። አንድ ዶላር በ57.5 ብር ሲመነዘር ይህ ወጪ ወደ 17,400 ዶላር ይጠጋል፤ በ115 ብር ሲመነዘር ግን 8,700 ዶላር እንኳ በቅጡ አይሞላም። አጥሩ ግን አንዲት ድንጋይ አልጎደለችበትም። በሀገር ደረጃ የሚታየው የዶላር መስመር በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ወጪዎች ድምር ስለሆነ፣ ምንዛሪ በተለወጠበት ዓመት የሚታየው ቁልቁለት ስለ ግንባታ የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው።

መቶኛውም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ይህን ሲያነሡ የማያቸው ሰዎች ጥቂቶች ስለሆኑ ጥቂት ልቆይበት። እንሳሮ ወረዳ ውስጥ የተገነባውና በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ 600 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደወጣበት ተነግሯል። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ዋና ዋና ማሽኖቹ ከውጭ ስለሚመጡ፣ ዋጋቸው የሚቆረጠው በዶላር ነው። 600 ሚሊዮን ዶላር በ57.5 ብር ሲሰላ 34.5 ቢሊዮን ብር፣ በ115 ብር ሲሰላ ደግሞ 69 ቢሊዮን ብር ይሆናል። ስለዚህ ምንዛሪው ከተዳከመ በኋላ ያንኑ ማሽን የሚያስመጣ ሀገር በወቅቱ ዋጋ ሲለካ ከምርቱ የበለጠ ድርሻ «የገነባ» ይመስላል፤ የተተከለው ማሽን ግን ያው አንድ ነው። አንድ የብር መዳከም የዶላሩን መስመር ወደ ታች፣ የመቶኛውን መስመር ወደ ላይ ሊጎትት ይችላል ማለት ነው። ከዚህ መውጫው መንገድ በየሀገሩ ገንዘብ በቋሚ ዋጋ የተሰላውን መስመር፣ በተገኘበት ዓመት ሁሉ፣ መውሰድና ለሁለቱም ሀገሮች አንድ መነሻ ዓመት መርጦ ያንን 100 ማድረግ ነው። በዚህ መንገድ ብርና ሽልንግ ፊት ለፊት አይገናኙም፤ የሚነጻጸረው እያንዳንዱ ሀገር ከራሱ መነሻ ምን ያህል እንደሄደ ይሆናል። ዳታባንክ ይህን ስሌት እንደ ዝግጁ አማራጭ ከግራፉ ጎን ቢያቀርበው ብዙ የተሳሳተ ድምዳሜ ይቀር ነበር።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ሒሳብ የሚዘጋው በበጀት ዓመት፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ሲሆን፣ የኬንያው የሚዘጋው ከጥር እስከ ታኅሣሥ በሚሄደው የአውሮፓውያን ዓመት ነው። በሰንጠረዡ ላይ «2015» ከሚለው ዓምድ ሥር ያለው የኢትዮጵያ ቁጥር የ2007 በጀት ዓመት ነው፤ ግማሹ ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ሥራ ነው። በሰላሙ ጊዜ ይህ ብዙ አያስቸግርም። ዓመቱ ትልቅ ለውጥ ያየ እንደሆነ ግን ያስቸግራል፦ የ2016 በጀት ዓመት የተዘጋው ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ ከሦስት ሳምንታት በፊት ስለሆነ፣ «2024» በሚለው ዓምድ ሥር ያለው የኢትዮጵያ ሥራ ሙሉ በሙሉ ከለውጡ በፊት የተሠራ ነው። ከጎኑ የተቀመጠው የኬንያ ቁጥር ግን የዚያን ዓመት ሁለቱንም አጋማሾች ይዟል። አገልግሎቱ ይህን ልዩነት በማብራሪያው ክፍል ውስጥ ጽፎታል፤ ማብራሪያው ግን ከሰንጠረዡ ተለይቶ በሌላ ገጽ የተቀመጠ በመሆኑ፣ ግራፉን ብቻ የሚያይ ሰው አያገኘውም። ማስታወሻው ከዓምዱ ራስጌ ላይ ቢሆን ኖሮ ምንኛ በጠቀመ!

አንድ ሀገር ምርቱን በቋሚ ዋጋ ሲያሰላ ዋጋውን የሚወስድበት የስሌት መነሻ ዓመት መቀየርም እንዲሁ በመስመሩ ላይ ጥላውን ይጥላል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 የመነሻ ዓመቷን ከ2001 ወደ 2009 ስትቀይር፣ ቀድሞ ያልተቆጠሩ የንግድና የአገልግሎት ዘርፎች ተካትተው የኢኮኖሚዋ መጠን በሩብ ያህል ትልቅ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ 2016ን መነሻ አድርጋ እንደገና አስልታለች። ኢንቨስትመንቱ ከ100 ውስጥ 20 የነበረ ሀገር፣ ሌላው ሳይነካ ምርቱ 125 ሆኖ ቢገኝ፣ ድርሻው ያለ ምንም የግንባታ መቀነስ ወደ 16 ይወርዳል። ረጅሙን ዘመን ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው ደግሞ የመነሻ ጊዜው እኩል እንዳልሆነ ማወቅ አለበት፤ የኬንያ የምርት መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1960 ሲጀምር የኢትዮጵያው የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ከ1981 ነው፤ ኤርትራም በይፋ የተለየችው እ.ኤ.አ. በ1993 ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ኢትዮጵያ» ከኋለኛው ጋር በግዛትም አንድ አይደለም።

ለሰሜን ሸዋ አንባቢ ከሁሉ ይልቅ ሊያስደንቅ የሚችለው ግን በዓለም አቀፉ የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት መሠረት ቋሚ ካፒታል ተብሎ የሚቆጠረው ነገር ዝርዝር ነው። የሚያርስ በሬ ቋሚ ካፒታል ነው፤ የምትታለብ ላምም እንዲሁ። ለእርባታ ወይም ለፀጉሯ የምትያዝ የመንዝ በግ ከዚህ ወገን ስትሆን፣ ለዕርድ የሚቀለብ ሙክት ግን ወደ ክምችት ይገባል። በየዓመቱ ፍሬ የሚሰጥ የደጋ አፕል ዛፍ ቋሚ ካፒታል ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ተቆርጦ የሚሸጠው ባሕር ዛፍ፣ ምንም እንኳ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ ገበሬ እንደ ባንክ ቢቆጥረው፣ ገና በሥራ ላይ ያለ ምርት ተብሎ በክምችት ውስጥ ይመደባል። ይህ ልዩነት ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም በሬውን ሸጦ ባሕር ዛፍ የተከለ ገበሬ በዚህ መለኪያ ሲታይ ቋሚ ካፒታሉን ቀንሷል።

እርከኑስ? በባቡርና በግድብ ስሌት መካከል የሚጠፋው፣ እኔም አብዝቼ የሚቆጨኝ፣ ይህ ነው። አንዲት ጥድ በተባለው ስፍራ ባለው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የአፈር መሸርሸር ሲለካ የኖረው በዚሁ በሰሜን ሸዋ ነው። ገበሬው በየዓመቱ በበጋ ወጥቶ የሚክበው የድንጋይ እርከን በዚሁ የሒሳብ ሥርዓት ደንብ የመሬት ማሻሻያ ስለሆነ ቋሚ ካፒታል ነው። ነገር ግን ደመወዝ ያልተከፈለበት፣ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት የጋራ ጉልበት በገንዘብ ተተምኖ ወደ ብሔራዊ ሒሳብ እንዲገባ ማድረግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በደመወዝና በኮንትራት የሚገነባ ሀገር ከደቦና ከዘመቻ ሀገር ጋር ሲነጻጸር፣ የመጀመሪያው ሥራ ይበልጥ ተሟልቶ ይታያል። ይህ የዓለም ባንክ ጥፋት አይደለም፤ ባንኩ የሚያቀርበው ከየሀገሩ የስታቲስቲክስ ተቋም የተቀበለውን ነው። አንባቢው ግን ከሰንጠረዡ ፊት ሲቀመጥ ይህን በልቡ ይዞ መሆን አለበት።

ሌላው መነሣት ያለበት መለኪያው የዓመቱን ግንባታ እንጂ የተከማቸውን ሀብት የማያሳይ መሆኑ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን (እ.ኤ.አ. 1936–1941) ከፍተውታል፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መኪና ዛሬም ያልፍበታል። የዓለም ባንክ መስመር የሚጀምረው ከዚያ ዘመን በብዙ ዐሥርት ዓመታት ዘግይቶ ስለሆነ ዋሻው በውስጡ የለም፤ አገልግሎቱ ግን አለ። በተቃራኒው፣ በዓመታዊው ቁጥር ውስጥ ሙሉ ዋጋው የተመዘገበ መንገድ በአምስት ክረምት ቢቦረቦር፣ መለኪያው እርጅናን ስለማይቀንስ ይህ ጉዳት በመስመሩ ላይ አይታይም። ለተከማቸው ሀብት በኔዘርላንድስ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ የሚያሰናዳው የፔን ዓለም ሰንጠረዥ ይሻላል፤ እርጅናን እየቀነሰ የካፒታል ክምችትን ያሰላል፣ የዋጋ ልዩነትንም ያስተካክላል፣ ለሁለቱም ሀገሮች እ.ኤ.አ. ከ1950 ይጀምራል። ድክመቱ አዳዲስ ዓመታትን ቶሎ አለማካተቱ ነው። የመንግሥትንና የግሉን ኢንቨስትመንት ለይቶ ለማየት ደግሞ የዓለም የገንዘብ ድርጅት የኢንቨስትመንትና የካፒታል ክምችት መረጃ አለ፤ እዚያ የመንግሥት ተብሎ የሚቆጠረው ግን መንግሥት ራሱ እንጂ የልማት ድርጅቶቹ አይደሉም። ግድቡንና ባቡሩን በልማት ድርጅቶች በኩል ላስገነባች ሀገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አገልግሎቱ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በስፓኒሽ፣ በዓረብኛና በቻይንኛ ሲቀርብ በአማርኛ የለም። ከብሔራዊው አኃዝ ወርዶ ዞንን ወይም ከተማን የሚያሳይ ቁጥርም ስለሌለ፣ «ደብረ ብርሃን ምን ያህል ገነባች» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ ቋት መልስ አይገኝም። ለዚያ የኢንቨስትመንት ጽሕፈት ቤቶችን በር ማንኳኳት ይጠይቃል፤ እዚያ የሚገኘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባለ ሀብቱ ፈቃድ ሲያወጣ ያስመዘገበው የካፒታል መጠን እንጂ በተጨባጭ የወጣው ወጪ አይደለምና፣ ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ሰንጠረዥ ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይገባም።

ያም ሆኖ ለተማሪም፣ ለመምህርም፣ ለጋዜጠኛም አገልግሎቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ነጻ ነው፣ ትርጓሜው ለሁለቱም ሀገሮች አንድ ነው፣ መረጃውም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይታደሳል። የሚታደስ መሆኑ ግን አንድ ግዴታ ያመጣል፦ ያለፉ ዓመታት ቁጥሮችም በእድሳቱ ሊለወጡ ስለሚችሉ፣ ሰንጠረዡን ያወረደ ሰው ቀኑን በወረቀቱ ራስጌ ላይ መጻፍ አለበት። ባንኩ የቀድሞ እትሞቹን በተለየ ማኅደር አስቀምጧቸዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 በፊት የወጣውን የኬንያ መስመር ከማኅደሩ አውጥቶ ከዛሬው ጎን ለጎን ማሳየት፣ የመነሻ ዓመት ለውጥ ምን እንደሚያደርግ በክፍል ውስጥ ለማስረዳት እስካሁን ካገኘኋቸው መንገዶች ሁሉ የተሻለው ነው።